የወፍጮው አማና

ወፍጮ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጤፏን ያመጣች እናት እህሉን አስመዝና ለባለ ወፍጮው ካስረከበች በኋላ ዝም ብላ ወደ ቤቷ አትመለስም። ተራዋ እስኪደርስ ትቆማለች፤ ተራዋ ሲደርስም እህሉ ሲገባ፣ ዱቄቱም ሲወርድ ዓይኗን አትነቅልም። ባለ ወፍጮውን ስለምትጠላው አይደለም። ምናልባት ለብዙ ዓመታት የምታውቀው የሰፈሯ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ እህል እህል ሳለ በዓይን ይለያል። ነጩ ጤፍ ከሰርገኛው፣ ስንዴው ከገብሱ፣ ጠጠሩም ከፍሬው ተለይቶ ይታያል። ከተፈጨ በኋላ ግን ሁሉም ዱቄት ነው። ጀሶ እንኳ ቢቀላቀልበት ዱቄቱን አይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በመሆኑም ወፍጮ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይኖራሉ። አንደኛው «ይህ እህል የማን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የወጣው የገባው ራሱ ነውን?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የሐቅ ጥያቄ ሲሆን ሁለተኛው የአማና ጥያቄ ነው። ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የማይገኝበት ወፍጮ ቤት፣ ዱቄቱ የቱንም ያህል የላመ ቢሆን፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው አይሄድበትም።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ብዙዎቻችን ወደማናስብበት ቦታ፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይዘን እንሄዳለን። ምክንያቱም ዛሬ እያንዳንዳችን፣ ኮምፒውተር ነክተን የማናውቀውም ጭምር፣ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ሳቢያ ሌሎች የፈጩትን ዱቄት የምንበላ ሰዎች ሆነናልና።

እህሉና ዱቄቱ

ፕሮግራም ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጻፈው ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ነው። ይህ ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። በእኛ ምሳሌ እህሉ ይህ ነው። በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጻፈ ምንጭ ኮድ ግን እንዳለ አይሠራም፤ መሣሪያው ወደሚረዳው የቁጥር ቋንቋ መለወጥ አለበት። ይህን ለውጥ የሚያከናውኑት ፕሮግራሞችና የትእዛዝ ዝርዝሮች የግንባታ መሣሪያዎች ይባላሉ። ወፍጮው እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ መካከል እጅግ የታወቀውን «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ስቱዋርት ፌልድማን በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ክፍት ምንጭ የሚባሉት ፕሮግራሞች ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን እህሉንም ለሁሉም የሚሰጡ ናቸው። ጸሐፊው ምንጭ ኮዱን ይፋ ያደርጋል፤ ከሱም ጋር የፈቃድ ጽሑፍ ያያይዛል። ማንም ሰው ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላ ያስተላልፈዋል። ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያስታውቅ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስም በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ይህን መንገድ የሚከተል ብዙ ሕዝብ ተነሣ። የአንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ በሊኑክስ ይጠቀማል።

በዚህ ሰፊ የጋራ ማሳ ውስጥ ማንም የማያመሰግንባቸው ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው በየፋይሉ ራስጌ ላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች፣ ማለትም ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንደጻፈውና በምን ፈቃድ እንደሰጠው የሚናገሩትን የቅጂ መብት ማስታወቂያዎች በትክክል መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ወፍጮውን፣ ማለትም የግንባታ መሣሪያዎቹን መጠገንና ማደስ ነው። አዲስ ነገር የሠራ ይወደሳል፤ የፈቃድ መስመር ያረመና የግንባታ ትእዛዝ የጠገነ ግን ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። እንጀራው ሲያምር ጋጋሪዋ ትመሰገናለች እንጂ ወፍጮውን የሚያስታውስ የለም። ወፍጮው የሚታወሰው የተበላሸ ዕለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ሥራ የባለሙያዎች የእጅ ሥራ ብቻ ነውን? ወይስ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ ሁለተኛው ነው።

ስም ለምን ይጻፋል?

አንዳንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊሞግት ይችላል፦ «ሰውየው ሥራውን በነፃ ሰጥቷል። ኒያው ንጹሕ ከሆነ ስሙ ቢጻፍ ምን ይጠቅመዋል? ባይጻፍስ ምን ይጎዳዋል? ስሙ እንዲቀር መፈለጉ ይዩልኝ ይስሙልኝ ማለት አይደለምን?»

ይህ ክርክር ሲሰሙት ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። አንድ ሰው መልካም ሠርቶ የራሱን ስም ቢደብቅ ትሕትና ሊሆን ይችላል። የሌላውን ሰው ስም መደበቅ ግን በምንም መልኩ ትሕትና ሊሆን አይችልም። ለጋሱ በገዛ ስሙ ላይ መብት አለው፤ ቢፈልግ ይጽፈዋል፣ ቢፈልግ ይተወዋል። ተቀባዩ ግን በሰጪው ስም ላይ ምንም መብት የለውም። «አንተ ትሑት ሁን» እያሉ የሰውን ሥራ በራስ ስም መያዝ ትሕትናን መስበክ ሳይሆን በትሕትና ስም መስረቅ ነው።

ከዚህም ሌላ ስሙ የሚጻፈው ለጸሐፊው ክብር ብቻ አይደለም። ፈቃድ ማለት ባለቤት የሆነ ሰው «ይህን ውሰዱ፣ ተጠቀሙበት» ማለቱ ነው። የባለቤቱ ስም ከተፋቀ ግን ፈቃዱ ሰጪ የሌለው ፈቃድ ይሆናል። ከእኔ የሚቀበለው ሰው፣ ከእሱም የሚቀበለው ሌላው ሰው፣ ነገሩን በምን ሐቅ እንደያዘው ሊያውቅ አይችልም። ጥያቄ ቢነሣ የሚጠይቀው የለውም፤ ስሕተት ቢገኝ የሚነግረው የለውም። ስለዚህ ስም የሚፍቅ ሰው የሚበድለው ከኋላው የነበረውን ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያሉትን ተቀባዮች ሁሉ ነው።

ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። ሮበርት ጃኮብሰን የተባሉ የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ምሁር ከሌሎች ፈቃደኞች ጋር ሆነው የመጫወቻ ባቡሮችን በኮምፒውተር ለመቆጣጠር የሚያገለግል የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። በዚሁ መስክ ሶፍትዌር የሚሸጥ አንድ ተፎካካሪ ከፕሮጀክቱ ፋይሎች ወስዶ በራሱ ምርት ውስጥ አስገባ። ሲያስገባም የጸሐፊዎቹን ስም፣ የቅጂ መብቱን ማስታወቂያ፣ ፋይሎቹ ከየት እንደመጡና ከመጀመሪያው ምን እንደተለወጠባቸው የሚገልጸውን ሁሉ ሳይጨምር ቀረ። የበታቹ ፍርድ ቤት እነዚህ ግዴታዎች ተራ የውል ጉዳይ እንጂ የቅጂ መብት ጉዳይ አይደሉም የሚል አቋም ያዘ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ይህን አልተቀበለም። አንድ ሰው ሥራውን ያለ ገንዘብ ስለሰጠ ብቻ ሐቁን ትቷል ማለት እንዳልሆነ፣ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎችም በሕግ የሚጠበቁ መሆናቸውን አረጋገጠ። ጉዳዩ በ2010 በስምምነት ተዘጋ።

አስተውሉ! ክርክሩ የተነሣው በመጫወቻ ባቡር ነው። የተሟገቱበት ነገር ግን የመጫወቻ ነገር አልነበረም። ጥያቄው «በነፃ የተሰጠን ነገር የተቀበለ ሰው ለሰጪው ምንም አይገባውምን?» የሚል ነበር። መልሱ፦ ገንዘብ ላይገባው ይችላል፤ እውነት ግን ይገባዋል።

ስም ሲበዛና ስም ሲጠፋ

ይህ ሲባል ግን ስምን የሚመለከት ነገር ሁሉ ቅዱስ ነው ማለት አይደለም። መጠን ያለፈ ነገር ሁሉ ራሱን ያጠፋል። በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው አንድ የቀድሞ ፈቃድ፣ ፕሮግራሙን የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ የዩኒቨርሲቲውን ስም እንዲያነሣ ያስገድድ ነበር። ሌሎች ጸሐፊዎችም ይህንኑ ፈቃድ እየቀዱ የዩኒቨርሲቲውን ስም በራሳቸው ስም ተኩበት። ውጤቱ ምን ሆነ? ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1997 ኔትቢኤስዲ በተባለው ሥርዓት አንድ እትም ውስጥ ቢቆጥሩ እንዲህ ያሉ 75 ዓረፍተ ነገሮችን አገኙ። ስለ አንድ ዕቃ ማስታወቂያ ለማውጣት 75 ምስጋና መደርደር ግድ ሆነ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ይህን ግዴታ አነሣ። በፋይሉ ውስጥ ስም እንዲቆይ የሚጠይቀው ግዴታ ግን እንዳለ ቀረ።

እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። የተነሣው «አወድሱኝ» የሚለው ነው፤ የቀረው «እውነቱን አትደብቁ» የሚለው ነው። ስም ለውዳሴ ሲሆን ሸክም ይሆናል። ስም ለምስክርነት ሲሆን ግን ማንንም አይከብድም።

ምስክርነት ከሆነ ደግሞ እውነተኛ መሆን አለበት። በብዙ ፕሮጀክቶች ዘንድ የፈረንጆቹ ዘመን ሲለወጥ በየፋይሉ ያለውን ዓመተ ምሕረት ወደ አዲሱ ዓመት የመቀየር ልማድ አለ። አንዳንዱ ይህን የሚሠራው በአንድ ትእዛዝ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልነካው ፋይል ሁሉ ትናንት እንደተጻፈ ሆኖ አዲስ ዓመት ይለብሳል። ክፋት ታስቦ ላይሆን ይችላል። ሆኖም አንድ ሰው ባልነካው ሥራ ላይ አዲስ ቀን ሲጽፍ ምን እየመሰከረ እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ከርል የተባለውን እጅግ የተስፋፋ ፕሮግራም የሚመሩት ዳንኤል ስቴንበርግ በጃንዋሪ 2023 ዓመቶቹን ከነጭራሹ ከማስታወቂያዎቹ አወጡ። ስሙ ቀረ፤ ዓመቱ ሄደ። መብቱ አልተጎዳም፤ ምክንያቱም በበርን ስምምነት መሠረት የጸሐፊ መብት የሚወለደው ሥራው ሲፈጠር ነው እንጂ ማስታወቂያው ሲጻፍ አይደለም። አሜሪካም ስምምነቱ ከ1989 ጀምሮ ሲጸናባት ማስታወቂያን የመብቱ ቅድመ ሁኔታ ማድረጓን አቁማለች።

ስም ሲጠፋስ? የሊኑክስ ከርነል ከብዙ ዓመታት ልማት በኋላ ሲፈተሽ ስለ ፈቃዱ አንዲት መስመር እንኳ የሌለባቸው ከአሥር ሺህ በላይ ፋይሎች ተገኙ። ፈቃዱን በሚናገሩት ዘንድም አንዱን ፈቃድ በመቶዎች በሚቆጠሩ የተለያዩ አነጋገሮች ጽፈውት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጥቂት ሰዎች ተነሥተው በነዚህ ፋይሎች ራስጌ ላይ ፈቃዱን በአጭሩ የሚገልጽ፣ ሰውም መሣሪያም የሚያነበው አንድ መስመር አስገቡ። በተከታዮቹ ዓመታትም ሥራው ቀጠለ። ይህ ሥራ አንድም አዲስ ነገር አልጨመረም፤ ኮምፒውተርን በቅንጣት አላፈጠነም። ነገር ግን «ይህ የማን ነው? በምን ሐቅ ያዝኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ይል የነበረ ፋይል መልስ እንዲኖረው አደረገ። አሰልቺ የሆነ መልካም ሥራ ማለት ይህ ነው።

እህሉ ሳይለወጥ ዱቄቱ ሲለወጥ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የእህሉ ባለቤት ታወቀ እንበል። የገባው ራሱ ስለመውጣቱስ ምን ማረጋገጫ አለን?

ዩኒክስን ከፈጠሩት አንዱ የሆኑት ኬን ቶምሰን ለታላቁ የቱሪንግ ሽልማት በሰጡትና እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው ንግግራቸው ባለሙያዎችን ያስደነገጠ ነገር አሳዩ። ምንጭ ኮዱ ፍጹም ንጹሕ ሆኖ፣ የሚፈጨው መሣሪያ ግን የተበከለ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው አንድን ፕሮግራም ሲፈጭ ስውር በር ይጨምርበታል። ይባስ ብሎ ራሱ መሣሪያው እንደገና ሲፈጭ ያንኑ ተንኮል በአዲሱ መሣሪያ ውስጥ ይተክለዋል። እህሉን ፍሬ በፍሬ ብትለቅመው ምንም አታገኝም፤ ነገሩ ያለው በወፍጮው ድንጋይ ውስጥ ነውና።

ብዙዎች ይህን የምሁራን ጨዋታ አድርገው ወስደውት ነበር። አርባ ዓመት ሲሞላው ግን ተመሳሳይ ነገር በእውን ደረሰ። ኤክስዜድ ዩቲልስ የሚባል፣ ፋይሎችን አጭቆ የሚያሳንስ የክፍት ምንጭ መሣሪያ አለ። በርካታ የሊኑክስ ሥርዓቶች ይጠቀሙበታል። ለብዙ ዓመታት ይጠብቀው የነበረው በዋናነት አንድ ሰው ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ አንድ ረዳት ብቅ አለ። ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታን አገኘ። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት የማይታወቁ ስሞች ተነሥተው ጠባቂውን «ዘገየህ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ይወተውቱት ጀመር። እሱም የጤና ችግር እንዳለበትና ሥራው ያልተከፈለበት መሆኑን በግልጽ ነግሯቸው ነበር። ቀስ በቀስ አዳዲስ እትሞችን የማውጣቱ ሥልጣን ወደ ረዳቱ ሄደ።

በ2024 ፌብሩዋሪና ማርች የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉ እትሞች ስውር በር ነበራቸው። በሩ የተደበቀበትን ቦታ ልብ በሉ! መርዙ ለፕሮግራሙ መፈተኛ በተቀመጡ፣ ሰው አንብቦ በማይረዳቸው ፋይሎች ውስጥ ተሸሽጎ ተቀመጠ። ያን መርዝ አውጥቶ የሚቀላቅለው ትእዛዝ ግን የተጻፈው በግንባታ መሣሪያው ውስጥ ነው። ያም ትእዛዝ ሁሉም በሚያነበው የምንጭ ኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ለማከፋፈል በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። በግልጽ የሚታየውን እህል የመረመረ ሰው ሁሉ ተንኮሉን አላገኘም። ቅልቅሉ የተደረገው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበርና።

ያገኘውስ ማን ነው? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ በሌላ ሥራ ላይ ሳለ ወደ ሩቅ ኮምፒውተር መግቢያ የሆነው የኤስኤስኤች ፕሮግራም ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ሌላው ሰው «ግማሽ ሰከንድ ምን አላት!» ብሎ ይተዋት ነበር። እሱ ግን ምክንያቷን እስከ መጨረሻው ተከተለና ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። የተበከሉት እትሞች በዋናነት ገና በሙከራ ላይ ወደነበሩ ሥርዓቶች እንጂ ወደ አብዛኞቹ የጸኑ ሥርዓቶች ሳይደርሱ ተያዙ። ያቺ እናት ከወፍጮው አጠገብ ቆማ ዓይኗን የማትነቅለው ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባን አይቀርም።

ጭምብል የሆነ ስም

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ቀደም ሲል ስም ምስክር ነው ብለናል። ጂያ ታን ደግሞ ስም ነበረው። በሥራዎቹ ሁሉ ላይ ስሙ ተጽፏል። ታዲያ ስሙ ምን ጠቀመ?

እውነት ነው፤ ያ ስም ማንን እንደሚያመለክት እስከ ዛሬ በይፋ የተረጋገጠ ነገር የለም። ስም ጭምብል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው ስም ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። የምንማረው ስም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። «እኔ ነኝ የፈጨሁት» የሚል ሰው ወፍጮ ቤቱን ከዘጋ ቃሉ ምስክርነት አይሆንም። በአንጻሩ ወፍጮ ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ እህሉ የማን እንደሆነ ባይታወቅ ደግሞ የተሰረቀ እህልም በጥሩ ሁኔታ ይፈጫል። ስለዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ያለ ሌላው አይቆሙም። መንገዱ የተሰወረ ስም ጭምብል ነው፤ ስም የሌለው መንገድ ደግሞ የሙት ልጅ ነው።

ለባለ ወፍጮውስ ማን ይቁምለት?

እስካሁን ስለ ሰጪዎች ተናገርን። ስለ ተቀባዮች ደግሞ መናገር ግድ ነው፤ ከእኛ ውስጥ አብዛኛው ተቀባይ ነውና።

ያ በር እንዴት ተከፈተ? በብልጠት ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ስለተተወ ነው። እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚመኩበትን መሣሪያ የተሸከመ ሰው ሲደክም «እስቲ እኔ ልያዝልህ» ያለው ሌባው ብቻ ሆነ። ታላላቅ ኩባንያዎች ዱቄቱን በየቀኑ ወሰዱ፤ ወፍጮው ለምን እንደሚንኳኳ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከተቀባዮች መካከል የቀረበው ድምፅም «ለምን ዘገየህ?» የሚል ወቀሳ ነበር።

ሰው ሲሸከም አይቶ «ፍጠን!» ማለት ከሸክሙ ላይ አንድ ፍሬ አያነሣም። በነፃ የተቀበለ ሰው ሰጪውን ባሪያ የማድረግ መብት የለውም። እንዲያውም በነፃ መቀበል ከመግዛት የበለጠ ግዴታ ያስከትላል። ገዢ ዋጋውን ሲከፍል ነገሩ ያልቃል፤ በስጦታ የተቀበለ ሰው ግን ስጦታው እስካለ ድረስ የስጦታው አማና አለበት። ይህ አማና ከባድ ነገር አይደለም፦ የሰጪውን ስም እንዳለ ማቆየት፣ የለወጠውን ነገር «ለወጥሁ» ብሎ መናገር፣ ሲችል የደከመውን ማገዝ፣ ሳይችል ቢያንስ አለመውቀስ።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ደግነቱ ሁለቱንም ጥያቄዎች ለመመለስ የሚደክሙ ሰዎች አሉ። በዴቢያን ማኅበረሰብ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተያዘ አንድ ጥረት ዓላማው ይህ ነው፦ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አንዱን ምንጭ ኮድ ቢፈጩ ዱቄቱ እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል። ልዩነት ከመጣ በአንዱ ወፍጮ ውስጥ ያልታወቀ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ እንዳይሳካ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ብዙ የግንባታ መሣሪያዎች የተፈጨበትን ቀንና ሰዓት በዱቄቱ ውስጥ መጻፋቸው ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ እያዩ ማረም አስፈለገ። እነሆ ሌላ አሰልቺ የሆነ መልካም ሥራ!

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የአማርኛን ፊደል በኮምፒውተር ላይ የሚያሳየው አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የፊደል ቅርጽ የተሰጠን በክፍት ፈቃድ ነው። ማንም ይጠቀምበታል፣ ማንም ያሻሽለዋል። ፈቃዱ የሚጠይቀው ከሌሎች ጥቂት ነገሮች ጋር የቅጂ መብቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮት እንዲሄድ ነው። የአገራችንም ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። አመንጪው የሥራው ባለቤት ተብሎ በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ስለዚህ ወጣቱ ባለሙያ ከአንድ ቦታ ያገኘውን ኮድ ወስዶ ራስጌውን ቆርጦ «እኔ ጻፍሁት» ሲል አሠሪው ላይያውቅበት ይችላል። እሱ ግን ያውቃል። በእህል ላይ ቢሆን ኖሮ ሌባ ይባል ነበር፤ በፋይል ላይ ስለሆነ «ጎበዝ» ተባለ።

አሠሪዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። «በሦስት ቀን ጨርስ» ብሎ ከየት እንዳመጣው የማይጠይቅ አለቃ፣ ዱቄቱን ተቀብሎ የማን እህል እንደሆነ ማወቅ እንደማይፈልግ ነጋዴ ነው። አለማወቅ ነፃ የሚያወጣው ማወቅ ያልቻለን ሰው ነው፤ ማወቅ ያልፈለገን ግን አያወጣውም።

ውድ አንባቢያን! ከኮምፒውተር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለን ብንሆን እንኳ ይህ ነገር ይመለከተናል። ሁላችንም በየፊናችን ባለ ወፍጮዎች ነንና። ወሬ ከአንዱ ሰምተን ለሌላው ስናስተላልፍ፣ የሰው ሐሳብ ወስደን በስብሰባ ላይ ስንናገር፣ የበታቻችን የሠራውን ሪፖርት በራሳችን ፊርማ ስንልክ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ከፊታችን ይቆማሉ። የማን ነው? የወጣውስ የገባው ራሱ ነውን?

እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ትልቅ ንግግር ሳይሆን ትንንሽ ነገር ነው፤ በፋይል ራስጌ ላይ የቀረች አንዲት መስመር፣ ችላ ያልተባለች ግማሽ ሰከንድ፣ ማንም ሳያይ የተጠገነች አንዲት ትእዛዝ። ወፍጮው በሰላም ሲያድር ማንም አይናገርለትም። ነገ ጠዋት ዱቄቷን ተሸክማ ወደ ቤቷ የምትመለሰዋ እናት ግን ልጆቿን ያለ ስጋት ታበላለች። አማና ማለት ይኸው ነው።